ባትሪ፣ ዋይፋይ፣ ፓስወርድ፦ በየቀኑ ስለሚያበሳጩን ነገሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስልክ ሲንቀራፈፍ፣ ባትሪ ሳይመሽ ሲያልቅ፣ ዋይፋዩ ሙሉ እያሳየ ገጽ አልከፍት ሲል ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ድሮ ለነበረ ሌላ ዓይነት ባትሪ ወይም ኮምፒውተር በደንብ ይሠሩ ነበር፤ እቃው ተለውጦ ምክሩ እንዳለ ቀረ። ሌሎቹ ከመነሻቸውም መሠረት የላቸውም። የሚያሳዝነው፣ ሰው ይጠቅመኛል ብሎ የያዘው ልማድ ራሱ ብስጭቱን ሲያባብስበት ነው።

«ላፕቶፔን ማታ ማታ ስለማጠፋው ሪስታርት አያስፈልገውም»

በዊንዶውስ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከዊንዶውስ 8 (2012 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል አሠራር አለ። ሻት ዳውን ሲሉት የከፈቷቸው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ የሲስተሙ እምብርትና ድራይቨሮቹ (እንደ ፕሪንተርና ብሉቱዝ ያሉትን እቃዎች የሚያሠሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች) ግን እንዳሉ ዲስክ ላይ ይጻፋሉ፣ ጠዋት ሲያበሩት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ስለዚህ ትናንት የተዛባ ድራይቨር ዛሬም እንደተዛባ ይነሳል፦ ብሉቱዝ አይገናኝም፣ ድምፅ ይጠፋል፣ ፕሪንተር አይታይም። ሁሉንም ከዜሮ የሚጀምረው ሪስታርት ነው።

ማረጋገጥ ይቻላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ ብለው «አፕ ታይም» የሚለውን ቁጥር ያንብቡ። በየማታው የሚጠፋው ላፕቶፕ ለሁለት ሳምንት ያለማቋረጥ እንደበራ ሊያሳይ ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሪስታርት ማድረግ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። እውነተኛ ሻት ዳውን ከፈለጉ ሺፍትን ይዘው ይጫኑት። ፋስት ስታርትአፕን ጨርሶ ማጥፋትም ይቻላል፤ ቦታው በኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የፓወር ቁልፎች ሥራ የሚወሰንበት ገጽ ነው። ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ባለው ላፕቶፕ ላይ በማጥፋትዎ የሚያጡት ጥቂት ሰከንድ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ግን ማጥፋቱ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ መጻፍ ይከለክላል።

«ከጀርባ ያሉትን አፖች ጠርጎ መዝጋት ባትሪ ይቆጥባል»

ጣት ወደ ላይ ሲጎተት የሚደረደሩት አፖች በቅርቡ የተከፈቱት ናቸው እንጂ ሁሉም እየሠሩ አይደለም። አብዛኞቹ ራም (የስልኩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ውስጥ ሥራ አቁመው የተቀመጡ ናቸው፤ ፕሮሰሰሩን አይነኩትም። ሲዘጓቸው ያ ሁኔታ ይጠፋል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሰው ሲከፍቷቸው ስልኩ ከማከማቻው እንደ አዲስ ያነባቸዋል፣ ባትሪውም እዚያ ላይ ይባክናል። በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ አፑን መጥረግ በግድ እንደማስቆም ስለሚቆጠር መልእክት ሳይደርስ ይቀራል። «መልእክቱ የሚመጣልኝ አፑን ስከፍተው ብቻ ነው» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

መዘጋት ያለበት ቀጥ ብሎ አልሠራ ያለ አፕ፣ ወይም አቅጣጫ ማሳየቱን ሳያቆም ከጀርባ የቀረ ካርታ ነው። ትክክለኛውን በላተኛ ለማግኘት ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ይክፈቱና የ24 ሰዓቱን ዝርዝር ይመልከቱ። ስክሪን ላይ 5 ደቂቃ ብቻ ቆይቶ ከጀርባ ሰዓታት የሠራ አፕ ካለ እሱን ይገድቡት፤ በአንድሮይድ በአፑ የባትሪ ገጽ ላይ፣ በአይፎን «ባክግራውንድ አፕ ሪፍሬሽ» ውስጥ። ዝርዝሩ ላይ ጥፋተኛ ካልታየ ኔትወርኩን ይጠርጥሩ፤ ስልክ ምልክት ሲደክምበት የራሱን የማስተላለፊያ ኃይል ይጨምራል። «ራም አጽጂ» የሚባሉትን አፖች ግን ያጥፏቸው፤ ራሳቸው ከጀርባ የሚሠሩ ሌላ ሸክም ናቸው።

«ባትሪ ጨርሶ እስኪያልቅ ተጠቅሞ 100 በመቶ መሙላት»

ይህ ከኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን የተረፈ ምክር ነው። ያ ባትሪ ሳያልቅ ደጋግሞ ቻርጅ ሲደረግ አቅሙ የሚቀንስ ይመስል ነበር። በዛሬ ስልክና ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሊቲየም አየን ይህ ጠባይ የለውም፤ እሱን የሚጎዱት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፦ ጨርሶ ባዶ መሆንና ሞልቶ ለረጅም ጊዜ መቆየት። አንድ ሴል ሲሞላ ቮልቴጁ 4.2 ገደማ ይደርሳል፣ በአዳዲስ ስልኮች ደግሞ 4.4 እና ከዚያም በላይ። በዚያ ከፍታ ላይ ውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ብልሽቱ ይፈጥናል። ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል መጠቀም የሚመከረው ለዚህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ከ80 በመቶ በኋላ ስልኩ የሚገባውን ከረንት ስለሚቀንስ የመጨረሻው 20 በመቶ ከሌላው በጣም ይዘገያል።

ደጋግሞ በጥቂት በጥቂቱ መሙላት አንድ አንድ «ሳይክል» ይበላል የሚሉም አሉ። ሳይክል የሚቆጠረው በድምር ነው፤ ዛሬ 60፣ ነገ 40 በመቶ ከተጠቀሙ ሁለቱ ቀን አንድ ሳይክል ነው። አፕል እስከ አይፎን 14 ያሉት በ500 ሙሉ ሳይክል፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ያሉት በ1000 ሙሉ ሳይክል ከመጀመሪያ አቅማቸው 80 በመቶውን እንዲይዙ መሠራታቸውን ይገልጻል።

ሌሊቱን ቻርጅ ላይ ማሳደርስ? ሲሞላ መቁረጡን መቆጣጠሪያው ራሱ ያውቃል፤ «ከልክ በላይ ይሞላል» የሚለው ስጋት ከንቱ ነው። ጉዳቱ ሙቀቱ ላይ ነው፦ ከትራስ ሥር የተቀመጠ፣ ወፍራም ሽፋን የለበሰ ስልክ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሽፋኑን አውልቀው ጠንካራ ነገር ላይ ያስቀምጡት። ስልኩ 80 በመቶ ላይ የማቆም ምርጫ ካለው ያብሩት፤ ቀኑን ሙሉ ገመድ ላይ ለሚውል ላፕቶፕ ደግሞ ይህ ምርጫ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ለወራት የማይጠቀሙበትን እቃ 50 በመቶ ያህል ሞልተው፣ አጥፍተው፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ ማድረግም ሴሉን ይጎዳል።

በምክሩ ውስጥ አንድ የእውነት ፍሬ አለ። የመቶኛው ቁጥር ግምት ስለሆነ ከጊዜ ጋር ይዛባል፤ አንድ ጊዜ አሟጥጦ መሙላት ቁጥሩን ያስተካክላል እንጂ ባትሪውን አያድሰውም። በ30 በመቶ ድንገት የሚጠፋ ስልክ በዚህ ካልተስተካከለ ባትሪው አርጅቷል፦ ካሜራ ወይም ጌም ብዙ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም ይዘጋል። ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ወይም የላፕቶፑ ታችፓድ አልጫን ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ወዲያውኑ ቻርጅ ማድረጉን ያቁሙ፤ አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ባለሙያ ያውጣው።

«ትልቅ ዋት ያለው ቻርጀር ስልኩን ያቃጥላል»

ቻርጀሩ ኃይል አይገፋም፤ ስልኩ የሚችለውን ይጠይቃል። ዩኤስቢ በ5 ቮልት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው ሁለቱ ተነጋግረው ሲስማሙ ነው። 65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር 20 ዋት ብቻ ለሚወስድ ስልክ 20 ዋት ይሰጠዋል። የሚያስፈራው ሐሰተኛና ጥራት የሌለው ቻርጀር ነው፣ ዋቱ ምንም ይሁን።

ኬብሉ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት የዩኤስቢ ሲ ኬብሎች መልካቸው አንድ ሆኖ ሥራቸው ሊለያይ ይችላል። ውስጡ መለያ ቺፕ የሌለው ኬብል 3 አምፒር ብቻ ስለሚያሳልፍ በ20 ቮልት ጣሪያው 60 ዋት ነው፤ የ100 ዋት ቻርጀር ገዝቶ ላፕቶፑ «በዝግታ እየሞላ ነው» የሚለው ሰው መለወጥ ያለበት ኬብሉን ነው። ዳታም እንዲሁ ነው። ከስልክ ጋር የሚመጣው ኬብል ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ብቻ ያስተላልፋል፤ በተግባር ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት። 40 ጊጋባይት ቪዲዮ በዚህ ኬብል 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የሚያምኑትን ኬብል ለይተው አቅሙን በትንሽ ወረቀት ለጥፈው ይጻፉበት።

ፓወር ባንክ ላይ የተጻፈው 10,000 ሚሊአምፒርአወር የሴሉ አቅም ነው፣ በ3.7 ቮልት፤ ማለትም 37 ዋትአወር። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር 7,400 ይሆናል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ከ6,000 እስከ 6,500 ይቀራል። የስልኩ 5,000ም የሚለካው በራሱ ሴል ቮልቴጅ እንጂ በ5 ቮልት ስላልሆነ፣ እንዲህ ያለውን ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ካልሞላ ተበላሸ ማለት አይደለም።

«ዋይፋዩ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ኢንተርኔቱ ደህና ነው»

መስመሮቹ የሚያሳዩት በእርስዎና በራውተሩ መካከል ያለውን ምልክት ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ስላለው መስመር የሚሉት ነገር የለም። ለመለየት የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ይህ ገጽ ቶሎ ተከፍቶ ሌላው ገጽ ካልተከፈተ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው። እሱም ከዘገየ ችግሩ ዋይፋዩ ላይ ነው።

ራውተሩ ከሚሠራባቸው የሬዲዮ ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ያልፋል፣ ግን ይጨናነቃል፤ በውስጡ ካሉት ቻናሎች (ንዑስ መስመሮች) እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 3ኛውን የመረጠ ሰው 1ኛውንም 6ኛውንም ይረብሻል፣ ራሱም ይረበሻል። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በዚሁ አካባቢ፣ 2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ያደክመዋል። ራውተሩን በቤቱ መሀል፣ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥን ጀርባ መሬት ላይ አይሁን። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ወደ ጎን ነው የሚረጨው፤ ጫፉን ወደ ራስዎ ካዞሩት ደካማው ጎን ይደርስዎታል።

ሁሉም ደህና ሆኖ ማታ ማታ ብቻ ከተጎተተ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ የሚጭን ስልክ ይፈልጉ። መላኪያው መስመር ከመቀበያው ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ አንድ ቪዲዮ ሲሞላው የሌላው ሰው ጥያቄ ሁሉ ወረፋ ይይዛል። የፍጥነቱን ቁጥር ሲያነቡም ለ8 ያካፍሉ፦ 100 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው።

«ውሃ የነካውን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር»

ሩዝ ከስልኩ ውስጥ ውሃ አይስብም፤ ዱቄቱና ስባሪው ግን መሰኪያው ውስጥ ይገባል። አፕልም ይህን እንዳያደርጉ ይመክራል። ስልኩን ያጥፉ፣ የሲም መያዣውን ያውጡ፣ የቻርጅ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገው በእጅዎ ቀስ ብለው ይምቱት፣ ነፋስ በሚገባበት ደረቅ ቦታ ይተዉት። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቻርጅ አያድርጉ፤ መሰኪያውን የሚበላው እርጥበትና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው።

«ፓስወርድ በየ3 ወሩ መቀየር አለበት»

ፓስወርድን ከትልቅ ፊደል፣ ከቁጥርና ከምልክት የመቀላቀሉና ቶሎ ቶሎ የመቀየሩ ልማድ በአብዛኛው የመጣው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2003 እ.ኤ.አ. ካወጣው መመሪያ ነው። የጻፉት ቢል በር በ2017 እ.ኤ.አ. ባብዛኛው እንደሚጸጸቱበት ተናገሩ፤ ኒስትም በዚያው ዓመት ምክሩን ቀየረ፦ ተሰርቋል የሚል ምልክት ከሌለ በግዴታ ማስቀየር አያስፈልግም። ሰው ሲገደድ መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይቀይራል፣ ሌባም ይህን ያውቃል።

ትልቁ አደጋ አንዱን ፓስወርድ ብዙ ቦታ መጠቀም ነው፤ አንዱ ጣቢያ ሲዘረፍ ሌሎቹም በዚያው ይከፈታሉ። ፓስወርድ ማናጀር (ፓስወርዶችን ቆልፎ የሚይዝልዎ አፕ) ይጠቀሙ፤ ለሱ ብቻ በቃል የሚያዝ ረጅም ሐረግ ያዘጋጁ። ከ7,776 ቃላት ዝርዝር ዳይስ (ስድስት ጎን ያለው የመጫወቻ ኩብ) በመወርወር የተመረጡ 6 ቃላት በግምት የማይደረስባቸው ናቸው፣ ከራስዎ ያሰቧቸው 6 ቃላት ግን አይደሉም። ሁለተኛ ማረጋገጫም ይጨምሩ፤ ለምሳሌ ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቅ፣ ስልክዎ ላይ ያለ አፕ የሚያወጣው ተለዋዋጭ ኮድ። የኮድ አፑ ኮዱን የሚሠራው ከሰዓት ስለሆነ «ኮዱ ልክ አይደለም» ካለዎ የስልኩን ሰዓት አውቶማቲክ ያድርጉት። አዲስ ስልክ ሲገዙ ደግሞ አሮጌውን ከማጥፋትዎ በፊት ኮድ አፑን ወደ አዲሱ ያዛውሩ፤ ከገዛ አካውንታቸው የሚቆለፉ ሰዎች ብዙዎቹ የሚረሱት ይህን ነው።

«ፎቶዬ ክላውድ ላይ ስላለ ባክአፕ አለኝ»

ክላውዱ በአብዛኛው የሚሠራው ሲንክ ነው፤ ሁለቱን ቦታ አንድ ዓይነት ያደርጋል። ስልክ ላይ ያጠፉት እዚያም ይጠፋል። ጉግል ፎቶስ ወደ ክላውድ የተጫነን ፎቶ መጣያው ውስጥ 60 ቀን፣ አይክላውድ 30 ቀን ያህል ያቆየዋል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። ስልኩ ሞልቶ ቦታ ሲፈልጉ ፎቶዎቹን በእጅ አይሰርዙ፤ ጉግል ፎቶስ ላይ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለው የተጫኑትን ብቻ ከስልኩ ያነሳል።

ባክአፕ ማለት 3 ቅጂ፣ በ2 የተለያየ ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገዝተው ክላውዱ ላይ ካለው በተጨማሪ በወር አንድ ጊዜ ይገልብጡ፣ ሲጨርሱ ይንቀሉት፤ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ካለዎ ፎርማቱ ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጠው በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት። ፍላሽ ዲስክን ለዓመታት ማቆያ አያድርጉት፤ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ከገለበጡ በኋላ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ከአሮጌው ዓመት ሁለት፣ ከመሀሉ ሁለት፣ ከቅርቡ አንድ ፋይል ይክፈቱ፤ ቪዲዮ ከሆነ እስከ መጨረሻው መሄዱን ይዩ፤ ተቆርጦ የተገለበጠ ፋይልም መጀመሪያው ሊከፈት ይችላልና።