እስልምና እና ዴሞክራሲ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እስልምናና ዴሞክራሲ እሳትና ጭድ ናቸው የሚሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ እስልምናን ይፈራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ዴሞክራሲን ከምዕራብ የመጣ ክህደት አድርገው ያዩታል። በሌላው ነገር ሁሉ አይስማሙም፤ እዚህ ላይ ግን አንድ ናቸው። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። የሙስሊሞችን ታሪክ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ ይቸገራል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሙስሊም በሚበዛበት አገር የምር ምርጫ አይካሄድም»

ከ200 ሚሊዮን በላይ ሙስሊሞች በሚኖሩባት ኢንዶኔዥያ መራጩ የፈለገውን ዕጩ በወረቀቱ ላይ በሚስማር ይበሳል፤ ጣቱንም ቀለም ውስጥ ይነክራል። ምርጫው እንዳበቃ ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ላይ በሰፈርተኛው ፊት ይጀመራል። አስፈጻሚው እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ላይ ጭረት እያሰመረ ይመዘግባል። አገሪቱን ለረጅም ጊዜ የገዙት ሱሃርቶ በ1998 ከወረዱ ወዲህ ሥልጣን በአመዛኙ በምርጫ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቷል።

ሴኔጋልም አለች። ከሕዝቧ ከ90 በመቶ በላይ ሙስሊም ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ሴንጎር ግን ካቶሊክ ነበሩ፣ ትልልቅ የሱፊ ሼኾችም ደግፈዋቸዋል። እርግጥ ነው፣ የሳቸው ዘመን በአመዛኙ የአንድ ፓርቲ ዘመን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በ2000 እና በ2012 በሥልጣን ላይ የነበሩ ፕሬዚዳንቶች በምርጫ ተሸንፈው ወርደዋል። በ2024 ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ምርጫውን ለወራት ሊያራዝሙ ሲሞክሩ ሕገ መንግሥታዊው ምክር ቤት ከለከላቸው፤ ያሸነፉትም ምርጫው 10 ቀን ሲቀረው ከእስር የተፈቱት ተቃዋሚው ባሲሩ ዲዮማይ ፋይ ናቸው።

«ፍርድ የአላህ ብቻ ስለሆነ ሰው ሕግ ሊያወጣ አይችልም»

ይህ ክርክር ከሁሉም የከበደውና የቆየው ነው። በ657 ከሲፊን ጦርነት በኋላ ኸሊፋው ዐሊ ከተቀናቃኛቸው ከሙዓዊያ ጋር የነበራቸው ጠብ በሰው ሽምግልና እንዲዳኝ ሲቀበሉ ከሠራዊታቸው የተወሰኑት «ፍርድ የአላህ ብቻ ነው» ብለው አፈነገጡ፤ ኸዋሪጅ የተባሉት እነዚህ ናቸው። ዐሊ የመለሱት መልስ በታሪክ መጻሕፍት ተመዝግቧል፦ ቃሉ እውነት ነው፣ የተፈለገበት ግን ሐሰት ነው። ቁርኣኑ በሁለት ሽፋን መካከል ያለ ጽሑፍ ነው፤ ራሱ አይናገርም፣ በሱ የሚናገሩት ሰዎች ናቸው ማለታቸውም ይተረካል።

የነገሩ ቁልፍ ይህ ይመስለኛል። የአላህን ሕግ እናስፈጽማለን ያለ ማንኛውም መንግሥት ሕጉን የሚያነብ፣ የሚተረጉምና የሚያስፈጽም ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ይሳሳታል። ሲሳሳት ማን ይጠይቀዋል? የፓኪስታን ሕገ መንግሥት ጉባኤ በ1949 ባጸደቀው የዓላማ ውሳኔ ሉዓላዊነት የአላህ መሆኑን ካወጀ በኋላ፣ መንግሥት ሥልጣኑን የሚሠራበት በሕዝብ በተመረጡ ወኪሎች አማካይነት ነው ብሏል። ኢራቅ ውስጥ ደግሞ በ2003 የአሜሪካ አስተዳደር የሕገ መንግሥት አርቃቂዎችን ራሱ ሊሾም ሲያስብ ታላቁ አያቶላህ ዐሊ ሲስታኒ «አርቃቂዎቹን ኢራቃውያን ይምረጡ» የሚል ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) አወጡ። ምርጫ ይደረግ ብለው የሞገቱት የሃይማኖት አባቱ ነበሩ። ኢራቃውያንም በጃንዋሪ 2005 ወጥተው መረጡ።

«ሹራ ማለት ዴሞክራሲ ነው፤ እኛ ድሮም ነበረን»

ይህ ደግሞ በወዳጆች ዘንድ የሚዘወተር ስህተት ነው። የሹራ፣ ማለትም የምክክር፣ ክብደት አያጠያይቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኡሑድ ዘመቻ ዋዜማ ምርጫቸው መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር፤ ብዙዎቹ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ወጥተን እንግጠም አሉ፤ እሳቸውም ተቀብለው ወጡ። ውጊያው በብዙ ጉዳት አለቀ። የኋላው አንቀጽ (አል ዒምራን 159) ግን ከእንግዲህ አታማክራቸው አላለም፤ ይቅር በላቸው፣ በነገሩም አማክራቸው ነው ያለው። አቡ በክርም ኸሊፋ እንደሆኑ «መልካም ከሠራሁ አግዙኝ፣ ካጠፋሁ አቅኑኝ» ብለው ነው የጀመሩት።

ዳሩ ግን ሹራ የሥልጣን ዘመን ገደብ፣ የሁሉም ዜጋ ድምፅ፣ ነፃ ፍርድ ቤት የሚባሉ ነገሮችን ይዞ አልመጣም። ኋላ ኸሊፋ የሆኑት ሙዓዊያ ሥልጣኑን ለልጃቸው ለየዚድ ሲያወርሱ የሚያግድ ተቋም አልነበረም። ሹራ የሥነ ምግባር መሠረት ነው፤ ቤቱን ግን ሰዎች መሥራት ነበረባቸው። ኢራናውያን በ1906 ሻሁን በፓርላማና በሕገ መንግሥት ለመገደብ ሲታገሉ ከፊት ከተሰለፉት መካከል ሰይድ ዐብዱላህ ቤህበሃኒና ሰይድ ሙሐመድ ጠባጠባኢ የተባሉ ሙጅተሂዶች (ከፍተኛ የሃይማኖት ሊቃውንት) ነበሩ።

«አምባገነኖቹን የወለዳቸው ሃይማኖቱ ነው»

የኢራቁ ሳዳም ሑሴንና የሶሪያው የአሳድ ቤተሰብ በዓረብ ብሔርተኛው ባዝ ፓርቲ ስም ነው የገዙት፤ የቱኒዚያው ቤን ዐሊ ሃይማኖታዊ ፓርቲዎችን ሲያሳድዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የባሕረ ሰላጤው ነገሥታት ደግሞ በጀታቸው ከነዳጅ ስለሚመጣ የሕዝባቸው ግብር ያን ያህል አያስፈልጋቸውም፤ ግብር የማይጠየቅ ሕዝብ ደግሞ «ገንዘቤን ምን አደረጋችሁት?» ለማለት አቅሙ ይመነምናል። የውጭ እጅም አለ፦ የኢራኑን ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅን በ1953 በመጣሉ ሴራ የአሜሪካና የብሪታኒያ የስለላ ድርጅቶች ተሳትፈዋል።

«ሙስሊሞች ሴት መሪ አይቀበሉም»

ቤናዚር ቡቶ በፓኪስታን (1988)፣ ኻሊዳ ዚያ በባንግላዴሽ (1991)፣ ታንሱ ቺለር በቱርክ (1993)፣ ሜጋዋቲ በኢንዶኔዥያ (2001) መርተዋል።

«እስላማዊ ፓርቲ አንዴ ከተመረጠ አይወርድም»

በ2011 የቱኒዚያን ምርጫ ያሸነፈው ኤንናህዳ በ2014 መጀመሪያ በድርድር መንግሥቱን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሲሸነፍም ውጤቱን ተቀበለ። በ2021 ፓርላማውን ያገዱት የሕገ መንግሥት ሕግ መምህር የነበሩት፣ ከየትኛውም እስላማዊ ፓርቲ ያልሆኑት ፕሬዚዳንት ቀይስ ሰዒድ ናቸው። የኢራን ሥርዓት ግን ስጋቱ ከሜዳ እንዳልተነሣ ያሳያል፤ እዚያ የጠባቂዎች ምክር ቤት የተባሉ 12 ሰዎች ማን ዕጩ መሆን እንደሚችል ይወስናሉ።

«ምንም ግጭት የለም»

አለ። የ2014ቱ የቱኒዚያ ሕገ መንግሥት የኅሊና ነፃነትን አረጋግጦ ሳለ ፕሬዚዳንቱ ሙስሊም መሆን አለበት ይል ነበር። በኢንዶኔዥያ በ2017 ክርስቲያኑ የጃካርታ ገዥ አሆክ ሃይማኖት ሰድበሃል ተብለው 2 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። በሃይማኖቱ ምክንያት መብቱ የሚጎድል ዜጋ ባለበት አገር ምርጫ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አይጠቅምም።

አሆክ የተፈረደባቸውን የስድብ ሕግ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት እንዲሽረው ቀደም ሲል አቤቱታ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ ግን ዐብዱረሕማን ዋሂድ ነበሩ፤ የቀድሞ ፕሬዚዳንትና የግዙፉ ሙስሊም ማኅበር የናህዳቱል ዑለማ መሪ የነበሩ ሰው። እሳቸው በ2009 መጨረሻ አረፉ፤ ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን በ2010 ውድቅ አደረገው። ሕጉ ይቀየር ብለው የተሟገቱ ሙስሊሞች እዚያው አገር ውስጥ ነበሩ።