የዳታቤዝ መግቢያ ኮርስ አሰጣጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተማሪ በፕሮግራሚንግ ኮርስ የለመደው ስህተት ራሱን የሚያጋልጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ቀይ መልእክት ይወጣል፣ መስመሩ ይጠቆማል። ዳታቤዝ ላይ ክፉው ስህተት ዝም ያለው ነው። ለዳታቤዙ ያቀረብነው ጥያቄ ይሠራል፣ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩ ግን ሐሰት ነው። ኮርሱን ስለማስተማር በመምህራንም በተማሪዎችም ዘንድ ሥር የሰደዱት የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኞቹ ይህን ካለመጨበጥ የሚመጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኤስኪውኤል የቻለ ዳታቤዝ ቻለ»

ከሁሉም የተስፋፋው ይህ ነው። ኤስኪውኤል ዳታቤዝን የምንጠይቅበትና የምናዝዝበት ቋንቋ ነው። ሰሌክት፣ ጆይን፣ ግሩፕ ባይ እየተባለ ሴሚስተሩ በትእዛዝ ዝርዝር ያልቃል፤ ተማሪውም ትእዛዞቹን በቃሉ ይዞ ይወጣል። ኤድጋር ኮድ በአይቢኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ሆኖ የሪሌሽናል ሞዴልን፣ ማለትም መረጃን በሠንጠረዦች የማደራጀትን ሐሳብ፣ ያሳተመው በ1970 ነው። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በኋላ ኤስኪውኤል የተባለውን ቋንቋ ይዘው የቀረቡት በ1974 ነው። ሐሳቡ ከቋንቋው ይቀድማል ማለት ነው። ቋንቋው ሲመጣም ሐሳቡን እንዳለ አልተከተለም፦ በኤድጋር ኮድ ሞዴል አንድ ዓይነት ረድፍ ሁለት ጊዜ ሊገኝ አይችልም፣ በኤስኪውኤል ግን ይችላል።

ይህ ልዩነት ጀማሪውን በቀጥታ ይነካዋል። አንዲት ተማሪ ሦስት ጊዜ ሺህ ሺህ ብር ከፍላለች እንበል፤ ሁለት ስልክ ቁጥርም አስመዝግባለች። የተማሪን፣ የክፍያንና የስልክን ሠንጠረዥ በጆይን አገናኝቶ ድምሩን የጠየቀ ሰው 6,000 ብር ይመጣለታል። የከፈለችው 3,000 ብር ነው። ሦስቱ ክፍያዎች ከሁለቱ ስልኮች ጋር እየተጣመሩ ስድስት ረድፍ ሆነዋል፤ ማስጠንቀቂያ ግን አንድም የለም። እዚህ የሚያድነው ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ «አሁን አንዱ ረድፍ የሚናገረው ስለ ምንድን ነው? ስለ ተማሪ ነው? ስለ ክፍያ ነው? ወይስ ስለ ክፍያና ስልክ ጥንድ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተማሪዎችን በቃል ማስመለስ ከየትኛውም ስላይድ ይበልጣል።

«አሁን እኮ ቻትጂፒቲ ይጽፈዋል» ለሚሉትም መልሱ ይኸው ነው። መሣሪያው ጆይኑን ባንዴ ይጽፋል። ልጅቷ 6,000 ብር እንዳልከፈለች የሚነቃው ግን ረድፉ ምን እንደሚል የገባው ሰው ነው፤ ትእዛዝ መጻፍ በቀለለ መጠን የዚያ ሰው አስፈላጊነት ይጨምራል።

«ዳታቤዝ ትልቅ ኤክሴል ነው»

ሁለቱም ረድፍና ዓምድ ስላላቸው ነገሩ ያሳስታል። በ2020 መኸር የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም ከቤተ ሙከራዎች የመጣለትን የኮቪድ ውጤት በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲያስተላልፍ ነበር። ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። በዚህ የተነሳ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች በዕለታዊው ሪፖርት ሳይገቡ ቀሩ፤ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች የማፈላለጉም ሥራ ዘገየ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ተማሪ «ስለዚህ ዳታቤዝ ብዙ ይይዛል» ብሎ ይደመድማል። ዋናው ነገር ግን እምቢታው ነው። የሌለ ተማሪን ለኮርስ ለመመዝገብ ብትሞክር ፎሪን ኪው (አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ሕግ) ይከለክልሃል፤ ያንኑ መታወቂያ ቁጥር ሁለቴ ብታስገባ ፕራይመሪ ኪው (እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው የሚለየው ዓምድ) ይመልስሃል፤ ከ100 በላይ ማርክ ብትሞላ ቼክ (ለእሴቱ ወሰን የምናስቀምጥበት ሕግ) አይቀበልህም። ስለዚህ የመጀመሪያው የላብ ሥራ የተበላሸ መረጃ ለማስገባት መሞከርና ዳታቤዙ ለምን እንዳልተቀበለ ማንበብ ቢሆን ይሻላል። ተማሪው ንድፉ ራሱ መረጃን እንደሚጠብቅ በዓይኑ ያያል።

«የተሟላ ላብ ከሌለ ማስተማር አይቻልም»

መብራት የሚጠፋበትን፣ ኢንተርኔት የሚቆራረጥበትን፣ አንድ ኮምፒውተር ለአራት ተማሪ የሚደርስበትን ግቢ ችግር አቃልዬ አላይም። ሆኖም ሪቻርድ ሂፕ በ2000 ያወጣው ኤስኪውላይት የተባለ ዳታቤዝ ሰርቨር አይፈልግም፣ ክፍያ የለውም፣ ሙሉው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ይታደላል። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፦ ኤስኪውላይት ፎሪን ኪን እንዲያስከብር ካልታዘዘ በነባሪው አያስከብርም፤ የቁጥር ዓምድ ውስጥም ጽሑፍ ይቀበላል። ይህን ሳይነግሩ ከላይ ያልኩትን የእምቢታ ላብ ማሠራት ተማሪውን ተቃራኒውን ያስተምረዋል።

«ኖርማላይዜሽን ለፈተና ነው፣ ሥራ ላይ አይጠቅምም»

ኖርማላይዜሽን ማለት አንድ መረጃ በብዙ ቦታ እንዳይደጋገም ሠንጠረዦችን መከፋፈል ነው። ይህን አመለካከት ያመጣነው እኛ መምህራን ነን። «ሀ ለን ይወስናል፣ ለ ሐን ይወስናል፤ ሠንጠረዡን እስከ ሦስተኛው ኖርማል ፎርም አድርስ» ብለን በፊደል ስንሰጠው ትምህርቱ የአልጀብራ ጨዋታ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄ መሆኑም ይህን ዝንባሌ ያበረታል።

በምትኩ የግቢውን የምዝገባ ቅጽ አምጡ። የተማሪ ስም፣ ኮርስ፣ የመምህሩ ስም፣ የመምህሩ ቢሮ፣ ግሬድ በአንድ ሠንጠረዥ ይሁኑ። መምህሩ ቢሮ ሲቀይር ስንት ቦታ ይታረማል? አንዱ ቢዘለል የትኛው ቢሮ ትክክል ነው? ገና ተማሪ ያልተመዘገበበት አዲስ ኮርስ የት ይጻፋል? ብቸኛዋ ተማሪ ኮርሱን ብትሰርዝ መምህሩስ አብሮ ይጠፋል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የመለሰ ተማሪ ሠንጠረዡን ማንም ሳያዘው ይከፍለዋል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነጥብ አለ። «ይህ ያንን ይወስናል» የሚለው ሕግ ከመረጃው ተቆጥሮ አይገኝም። አምስት ረድፍ አይተን «እያንዳንዱ ኮርስ አንድ መምህር አለው» ብንል ስድስተኛው ረድፍ ሊያፈርሰው ይችላል። መረጃ ሕጉን ሊያፈርስ እንጂ ሊያረጋግጥ አይችልም። ሕጉ የሚገኘው ሬጅስትራር ሄዶ በመጠየቅ ነው፤ ተማሪውን በእርግጥ ልኮ ማስጠየቅም ይቻላል።

«ነል ማለት ዜሮ ወይም ባዶ ማለት ነው»

ነል «አይታወቅም» ወይም «የለም» ለማለት የተቀመጠ ምልክት ነው፤ ከራሱ ጋር እንኳ ሲነጻጸር መልሱ «እውነት» አይሆንም። ሦስት ተማሪዎች 80፣ 60 እና ነል ካላቸው አማካዩ 70 ይወጣል፤ ሦስተኛው ዜሮ ቢሆን ኖሮ 46.67 ይሆን ነበር። የቱ ነው ትክክል? ተማሪው ፈተናውን አልተፈተነም ወይስ ማርኩ ገና አልገባም በሚለው ይወሰናል፤ ዳታቤዙ አይወስንልንም።

የባሰው ደግሞ አለ። «ዶርም ያልደረሳቸውን ተማሪዎች አምጣ» ለማለት መታወቂያቸው በምደባ ሠንጠረዡ ውስጥ የማይገኝ እያልን በኖት ኢን እንጠይቃለን። በምደባው ውስጥ የተማሪ መታወቂያው ነል የሆነ አንድ ረድፍ ብቻ ካለ ከነል ጋር የሚደረገው ንጽጽር «እውነት» ስለማይሆን ጥያቄው ምንም ረድፍ አይመልስም። ምደባውን የሚሠራው ሰው «ሁሉም ዶርም አግኝቷል» ብሎ ይሄዳል፤ ውጭ ያደረ ተማሪ ግን አለ። ክፍል ውስጥ ይህንን አንድ ምሳሌ ማሳየት ስለ ሦስት እሴት ሎጂክ (እውነት፣ ሐሰት፣ አይታወቅም) ከሚሰጥ ረጅም ገለጻ ይልቅ በተማሪው አእምሮ ይቀራል።

«የመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ ይበቃል»

አይበቃም። የአሜሪካ መጽሐፍ ተማሪን «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይከፍለዋል። እኛ ዘንድ ሁለተኛው የአባት ስም ነው፤ ሀና ተስፋዬ የተስፋዬ ገብሬ ልጅ ናት። ቤተሰብን በመጨረሻ ስም የሚያገናኝ ንድፍ አባትና ልጅን ይለያያል፣ ባልና ሚስትን አያገናኝም፣ አባቶቻቸው ስመ ሞክሼ የሆኑ የማይተዋወቁ ሰዎችን ግን ወንድማማች ያደርጋል።

አጻጻፉም አለ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፣ ለዳታቤዙ ሁለት። ፍለጋው «የለችም» ይላል፣ ጸሐፊዋም አዲስ ፋይል ትከፍታለች። አንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 (ፊደሎችን ኮምፒውተር ውስጥ በማስቀመጫው ስልት) ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የዓምድ ርዝመትን በባይት በሚቆጥር ሥርዓት 20 ተብሎ የተፈቀደ ዓምድ ስድስት ፊደል ብቻ ይይዛል፣ «ወልደገብርኤል» ደግሞ ስምንት ነው።

ቀን ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከፋል። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.ን 2016-02-30 ብላችሁ አስገቡ፤ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜንማ ወሩ 13 ስለሆነ ጭራሽ አያስገባትም። እነዚህ የታደልንባቸው ናቸው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 2016-01-01 ተብሎ ሲገባ ግን ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀመጣል፤ ቀኑ በእርግጥ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለቱ አቆጣጠሮች ከተቀላቀሉ ዕድሜ በሰባትና በስምንት ዓመት ይሳሳታል፣ ማንም አይነቃም። እኔ የምመክረው በአንድ አቆጣጠር አስቀምጦ ለተጠቃሚው በሚያነበው አቆጣጠር ቀይሮ ማሳየት ነው። ይህን ውሳኔ ግን ተማሪዎች ራሳቸው ተከራክረው ቢደርሱበት ይሻላል፤ ክርክሩ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድ እንኳ አያስቆጭም።

«ትራንዛክሽን ለጀማሪ ይከብዳል»

ትራንዛክሽን ማለት ብዙ እርምጃዎችን እንደ አንድ የማይከፋፈል ሥራ መፈጸም ነው። በትርጉም ዝርዝር ከተጀመረ ይከብዳል። በሁለት መስኮት ከተጀመረ ግን ይገባል። ፖስትግሬስ ላይ ሁለት መስኮት ክፈቱ፤ 30 ተማሪ በሚይዝ ሴክሽን 29 ተመዝግበዋል። ሁለቱም መስኮት 29 ያነባል፣ ሁለቱም 30 ብሎ ይጽፋል። ቆጣሪው 30 ይላል፣ የተመዘገቡት 31 ናቸው። አሁን ደግሞ ንባቡንና ጽሕፈቱን አንድ ላይ አድርጉት፦ «ቁጥሩ ከ30 በታች ከሆነ አንድ ጨምር»። ሁለተኛው መስኮት የመጀመሪያው እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቁጥሩን እንደገና አይቶ ምንም ረድፍ ሳይቀይር ይመለሳል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጂም ግሬይ በ1998 የሙያውን ትልቅ ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን፣ ያገኘው በዋናነት በዚህ መስክ ባበረከተው ሥራ ነው። ጀማሪው ከዚያ ሁሉ ጥናት የሚያስፈልገው መጠበቁን በዓይኑ ማየት ነው።

«ኖኤስኪውኤል ስለመጣ ይህ ሁሉ አርጅቷል»

ኖኤስኪውኤል የሚባሉት ከሪሌሽናል ሞዴል ውጭ የተሠሩ ዳታቤዞች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሞንጎዲቢ ራሱ በ2018 ብዙ ሰነዶችን የሚያካትት ትራንዛክሽን ጨምሯል፤ ሐሳቡ አላረጀም ማለት ነው። ኖኤስኪውኤልን ለማስተዋወቅ በመግቢያ ኮርስ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

«የቡድን ፕሮጀክቱ ችሎታውን ያሳያል»

በየዓመቱ ያው የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት፣ ያው ሥዕል፣ የስሙ ገጽ ብቻ ተቀይሮ ይቀርባል። ከቡድኑ ማን ምን እንደገባው አይታወቅም። ፕሮጀክቱን ማስቀረት አያስፈልግም፤ ግምገማውን መቀየር ይበቃል። በሚያቀርቡበት ዕለት አንድ ሕግ ቀይሩባቸው፦ «ከዛሬ ጀምሮ አንድን ኮርስ ሁለት መምህራን ሊጋሩት ይችላሉ»። ከዚያ በስም ጠርታችሁ አንዷን ተማሪ የትኛው ሠንጠረዥ እንደሚለወጥ፣ ትናንት ትክክል ከነበሩት ጥያቄዎች ውስጥ ደግሞ ዛሬ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር የሚያወጣው የትኛው እንደሆነ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንድታሳይ ጠይቋት።