ስለ ሳሙራይ ፊልሞች በተሳሳተ መንገድ የምናውቃቸው ነገሮች

ክሊንት ኢስትውድን በካውቦይ ፊልም ያየ ሰው፣ ሳያውቀው የጃፓን ፊልምም አይቶ ይሆናል። እኔ የድሮዎቹን የሳሙራይ፣ ማለትም የጥንት ጃፓን ጦረኞች፣ ፊልሞች በጣም እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ስለነሱ የተሳሳተ ነገር ስሰማ ዝም ማለት አይሆንልኝም። በተደጋጋሚ የምሰማቸውን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የሳሙራይ ፊልም ማለት የጎራዴ ውጊያ ነው»

ይህ አባባል ፊልሞቹን በቁንጽል ከማየት የመጣ ይመስለኛል። የጃፓናዊው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954) 3 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይፈጃል። ትልቁ ውጊያ የሚመጣው ከግማሽ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ወሬው ሁሉ ስለ ሩዝ ነው። ገበሬዎቹ ሽፍታ ምርታቸውን እየዘረፈ አማሯቸዋል። ጠባቂ መቅጠር ይፈልጋሉ፤ ገንዘብ ግን የላቸውም። የመንደሩ ሽማግሌ ምክር አጭር ናት፦ የተራቡ ሳሙራዮች ፈልጉ። ሩዙን ለሳሙራዮቹ ይሰጣሉ፤ እነሱ ራሳቸው ዝቅ ያለ እህል ይበላሉ።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ፤ አራቱንም የገደላቸው ጥይት ነው። በጎራዴ አቻ የሌለው ኪዩዞ እንኳ በጥይት ነው የሚወድቀው። ዕድሜውን ሙሉ የተማረው ጥበብ በዚያች ቅጽበት ምንም አይፈይድለትም። ይህን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል።

«ሳሙራይን የሚያሞግሱ ፊልሞች ናቸው»

ለዚህ መልሱ የዳይሬክተር ማሳኪ ኮባያሺ «ሀራኪሪ» (1962) ነው። ሀራኪሪ ማለት ሳሙራይ ሆዱን ቀድዶ ራሱን የሚገድልበት ሥርዓት ነው። ታሪኩ በ1630 ነው። ጦርነት ቆሟል፣ ብዙ ጌቶች ግዛታቸውን ተነጥቀዋል፣ ጌታ አልባ የሆኑት ሳሙራዮች ሥራ አጥተው ይንከራተታሉ። ጃፓኖች ሮኒን ይሏቸዋል። አንድ ወጣት ሮኒን ሚስቱና ልጁ ታመውበታል። ወደ አንድ ታላቅ ጌታ ቤት ሄዶ «በግቢያችሁ ራሴን ልግደል» ይላል፤ ተስፋው ገንዘብ ሰጥተው እንዲሸኙት ነው። እነሱ ግን «እሺ፣ ግደል» አሉት። ጎራዴውን ለቤተሰቡ ሲል አስቀድሞ ሸጦታል፤ ሰገባው ውስጥ ያለው ቀርከሃ ነው። በዚያ በቀርከሃ ሆዱን እንዲቀድ አስገደዱት።

ቀሪው ፊልም አማቱ መጥቶ ስለ ክብር የሚያወሩትን ሰዎች ፊት ለፊት ሲጋፈጣቸው ነው። ከዚህ በላይ የሳሙራይን ሥርዓት የከሰሰ ፊልም አላየሁም።

«ምዕራባውያኑ ሰርቀው ነው የወሰዱት»

ሁሉም አይደለም። ጆን ስተርጅስ «ሰባቱ ሳሙራይ»ን ወደ ካውቦይ ፊልም ቀይሮ በ1960 «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ብሎ ሲያወጣው መብቱ ተገዝቶ ነበር።

ክሊንት ኢስትውድ የተጫወተበት የሰርጂዮ ሊዮኔ «እፍኝ ዶላር» (1964) ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ እንግዳ ሰው ሁለት ጎራ የከፈላት ከተማ ይደርሳል፤ ሁለቱንም እያታለለ እርስ በርስ ያባላቸዋል። ይህ የኩሮሳዋ «ዮጂምቦ» (1961) ነው። ሬሳ ሣጥን ሠሪው ሳይቀር አለ። ጀግናው ተደብድቦ በሣጥን ተደብቆ የሚያመልጥበትም አለ። ፈቃድ የጠየቀ ግን አልነበረም። ኩሮሳዋ ፊልሙ ግሩም እንደሆነ፣ ግን የራሱ ፊልም እንደሆነ ጽፎ ላከ። ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ የጃፓኑ ወገን ከዓለም አቀፍ ገቢው 15 በመቶ አገኘ። ፊልሙ አሜሪካ የገባው በ1967 ነው።

«ማግኒፊሰንት ሰቨን ልብሱን የቀየረ ሰባቱ ሳሙራይ ነው»

እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ እውነት ይመስላል። በሁለቱም ሦስት ሰዎች ይተርፋሉ፤ በሁለቱም አሸናፊዎቹ ገበሬዎቹ እንደሆኑ ይነገራል። ልዩነቱ ወጣቱ ላይ ነው። በአሜሪካው ፊልም ቺኮ ሽጉጡን ፈትቶ ከሚወዳት የመንደሯ ልጅ ጋር ይቀራል። በጃፓኑ ፊልም ሺኖ የሚወዳትን ወጣት ሳሙራይ አልፋው ወደ ሩዝ ተከላው ትሄዳለች። እሷ የገበሬ ልጅ ናት፣ እሱ ሳሙራይ ነው። በመካከላቸው ያለውን የመደብ ግድግዳ አብሮ መዋጋት አላፈረሰውም። የአሜሪካው ፊልም ደስ ይላል፤ የጃፓኑ ግን ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

«ዛቶይቺ ዓይነ ስውሩ ሳሙራይ»

ሳሙራይ አይደለም። ሰውነት እያሸ የሚኖር ቁማርተኛ ነው፤ ስለቱን በምርኩዙ ውስጥ ደብቆ ይይዛል። ሺንታሮ ካትሱ ከ1962 ጀምሮ በ26 ፊልሞች ተጫውቶታል።

«ጃፓን ሰጠች፣ ምዕራቡ ተቀበለ»

መንገዱ በሁለቱም በኩል ክፍት ነበር። ኩሮሳዋ የካውቦይ ፊልም አባት የሆነውን ጆን ፎርድን በጣም ያደንቅ ነበር። «የደም ዙፋን» (1957) የሼክስፒር ማክቤዝ ነው፣ «ራን» (1985) ደግሞ ኪንግ ሊር። «ዮጂምቦ» ራሱ ከአሜሪካዊው የወንጀል ልብወለድ ጸሐፊ ከዳሺል ሃሜት ተውሷል። ግን ኩሮሳዋ የተዋሰውን ኖህ ከሚባለው ጥንታዊ የጃፓን የጭምብል ቲያትር ጋር ሲያዋህደው የራሱ ይሆናል። «የደም ዙፋን» ላይ የሚስትየው ፊት ልክ እንደ ኖህ ጭምብል የደረቀ ነው፤ የሚያስፈራውም ለዚያ ነው።

«ስታር ዋርስ የድብቁ ምሽግ ግልባጭ ነው»

የስታር ዋርስ ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ ከኩሮሳዋ «ድብቁ ምሽግ» (1958) የወሰደውን ራሱ ተናግሯል፦ ታሪኩን በሁለት ተራ፣ ተጨቃጫቂ ሰዎች ዓይን ማሳየት። በኩሮሳዋ ሁለት ምስኪን ገበሬዎች ናቸው፣ በሉካስ ሁለት ሮቦቶች። በጠላት የምትታደን ልዕልትም በሁለቱም አለች። ከዚያ ወዲያ ግን ታሪኮቹ በየፊናቸው ይሄዳሉ።

ከዓመታት በኋላ ኩሮሳዋ «ካገሙሻ»ን ለመሥራት ገንዘብ አጠረው። ሉካስና ሌላው አሜሪካዊ ዳይሬክተር ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ አንድ የሆሊውድ ስቱዲዮ ገንዘብ እንዲያወጣ አደረጉለት። ፊልሙ በ1980 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ተጋራ።