ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት፦ 32ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንትና የኢትዮጵያ ጉዳይ

ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት ከ1933 ጀምሮ በ1945 እስካረፉበት ቀን ድረስ ዩናይትድ ስቴትስን የመሩ፣ አራት ጊዜ በተከታታይ የተመረጡ ብቸኛ ፕሬዚዳንት ናቸው። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1882 ሃይድ ፓርክ፣ ኒው ዮርክ፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወልደው በሃርቫርድ ተማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ኃይል ረዳት ሚኒስትር ነበሩ። በ1921 በ39 ዓመታቸው ድንገት ታመው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ሐኪሞቻቸው ፖሊዮ ነው ብለው ነበር፤ በ2003 የወጣ ጥናት ግን ጊላን ባሬ የተባለው የነርቭ ሕመም ሳይሆን እንዳልቀረ ይገልጻል። ከዚያ በኋላ በሕዝብ ፊት የሚቆሙት እግሮቻቸውን በብረት ድጋፍ አስረው፣ በአንድ እጅ ምርኩዝ ይዘው፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ጨብጠው ነበር። በዚህ ሁኔታ የኒው ዮርክ አገረ ገዥ፣ ቀጥሎም ፕሬዚዳንት ለመሆን መብቃታቸው የጽናታቸው ምስክር ነው።

ሥልጣን ሲይዙ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነበር፤ ባንኮችም ተራ በተራ ይዘጉ ነበር። ባንኮቹን ለጥቂት ቀናት ዘግተው ካስመረመሩ በኋላ፣ ገንዘብን ፍራሽ ሥር ከመደበቅ ባንክ ማስቀመጥ እንደሚሻል በሬዲዮ ለሕዝቡ አስረዱ፤ ባንኮቹ ሲከፈቱም ሰው ያወጣውን ገንዘብ መልሶ ለማስቀመጥ ተሰለፈ። የጡረታና የሥራ አጥ መድን ያቋቋመው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በ1935 ወጣ።

ኢትዮጵያ ከሩዝቬልት ዘመን ጋር የተገናኘችው በመከራዋ ወቅት ነው። በ1935 ኢጣልያ ስትወርረን አሜሪካ በገለልተኝነት ሕጓ መሠረት ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ኢጣልያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካዎች ስለነበሯት ክልከላው በተግባር የጎዳው ተወራሪዋን አገር ነው፤ የነዳጅ ነጋዴዎች ለኢጣልያ እንዳይሸጡ የቀረበውም ማሳሰቢያ አስገዳጅነት አልነበረውም። ሆኖም አሜሪካ የፋሺስትን ወረራ በሕጋዊነት አልተቀበለችም፤ ይህም ሊዘነጋ የማይገባው ነው። ከነጻነት በኋላ ሩዝቬልት በ1942 ኢትዮጵያ የሌንድ ሊዝ (በጦርነቱ አሜሪካ ለወዳጅ አገሮች መሣሪያና ቁሳቁስ የምታቀርብበት ፕሮግራም) ዕርዳታ ተጠቃሚ እንድትሆን ወሰኑ፤ ስምምነቱም በ1943 ተፈረመ።

ከሁሉም ጎልቶ የሚነገረው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. (1945) ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተደረገው ግንኙነት ነው። ሩዝቬልት ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ከመከሩበት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ ኩዊንሲ የተባለችው የጦር መርከባቸው በስዊዝ ቦይ መሥመር ባለው በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ቆማ፣ በዚያው ዕለት የግብፁን ንጉሥ ፋሩክን፣ በማግሥቱም የሳዑዲውን ንጉሥ ኢብን ሳዑድን ተቀብላለች። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአሜሪካ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ በረው በመርከቧ ላይ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተነጋገሩ። በዚያን ጊዜ ብሪታንያ ኦጋዴንን በወታደራዊ አስተዳደር ይዛ ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ታላቅ ወዳጅ መፈለጋቸው አርቆ አሳቢነት ነበር። የኤርትራና የባሕር በር፣ የኦጋዴን፣ የምድር ባቡሩ፣ የጦር መሣሪያና በሰላም ጉባኤ የመካፈል ጥያቄዎች በጽሑፍ ቀረቡ። ሩዝቬልት ስለ ኤርትራ የሰጡት ቁርጥ ያለ ቃል መኖሩን አንዳንዶች ቢጠራጠሩም፣ ለኢትዮጵያ የቀና ስሜት እንደነበራቸው አያጠያይቅም። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ከፈረሙት 50 አገሮች አንዷ ሆነች።

በጦርነቱ አመራራቸው ላይ ከባድ ነቀፌታም አለ። በ1942 በፈረሙት ትእዛዝ 120 ሺህ ገደማ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ያለ ፍርድ በካምፕ ታጉረዋል፤ የአሜሪካ መንግሥት በ1988 ይቅርታ ጠይቆ ካሣ ከፍሏል። ከናዚ ለሸሹ አይሁዶች በሩን በበቂ አልከፈቱም የሚለው ክርክር ግን ዛሬም ድረስ ታሪክ ጸሐፊዎችን ይከፋፍላል።

ከመራራ ሐይቁ ግንኙነት ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ዋርም ስፕሪንግስ፣ ጆርጂያ ውስጥ በአንጎል ደም መፍሰስ በ63 ዓመታቸው አረፉ፤ ምክትላቸው ሃሪ ትሩማን በምትካቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1951 የጸደቀው 22ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ማንም ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ለፕሬዚዳንትነት እንዳይመረጥ ከልክሏል።