«ሸክላ አትንኩ» ሲባል፦ ስለ ያልተለመደ የቅርጻ ቅርጽ ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሥነ ጥበብ መምህሩ ይገባና «በዚህ ሳምንት ሸክላ የለም። ከካርቶን ብቻ፣ ያለ ኮላ፣ በራሱ የሚቆም ነገር ሥሩ» ይላል። ወይም «አንድ ግስ ምረጡና ቅርጽ ስጡት» ይላል። ክፍሉ መጀመሪያ ዝም፣ ቀጥሎ ማጉረምረም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲሰጥ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሏቸው ነገሮች አሉ። አብዛኞቹ ሥራውን ገና ሳይጀመር ይገድሉታል።

«ያልተለመደ ከሆነ እንግዲህ ደስ ያለንን እንሥራ።»

አይደለም። እንዲያውም ነገሩ ተቃራኒ ነው። ደንቡ በጠበበ ቁጥር ጥያቄው ግልጽ ይሆናል። «ያለ ኮላ» ከተባላችሁ፣ የተጠየቃችሁት ነገሮች እንዴት እንደሚያያዙ ነው። ይነካከሱ? ይታሰሩ? ይታጠፉ? ወይስ በክብደታቸው ይደጋገፉ? ተደብቆ አንድ ጠብታ ኮላ ጣል ያደረገ ተማሪ ደንብ መጣሱ ቀላሉ ችግር ነው። ጨዋታውን ራሱን ዘሎታል።

ካርቶንን እንመልከት። ሁለት ቁራጭ ካርቶን እስከ ግማሻቸው ሰንጥቃችሁ አንዱን በሌላው ብታስገቡ ተቆላልፈው ይቆማሉ። ስንጥቁ ከካርቶኑ ውፍረት ትንሽ ጠበብ ካለ ንክስ አድርጎ ይይዛል፤ ከሰፋ ይወላገዳል። የካርቶኑን ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ በሁለት ወረቀት መሃል የታጠፈ ሞገድ አለ። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሆነ ክብደት ይሸከማል፤ በአግድም ከሆነ ጫን ሲሉት ይተኛል። ይህን ያወቀ ተማሪ ኮላውን አይናፍቅም።

«መጀመሪያ አሪፍ ሐሳብ መምጣት አለበት።»

ከሁሉም የባሰው ይህ ነው። ተማሪው ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ቀኑን ይጨርሳል፣ በመጨረሻው ሰዓት ያገኘውን ይለጣጥፋል። በቅርጻ ቅርጽ ብዙ ጊዜ እጅ ይቀድማል፣ ሐሳብ ይከተላል።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ሴራ እ.ኤ.አ. በ1967 እና 68 ወረቀት ላይ በእርሳስ የግሶች ዝርዝር ጻፈ፦ መጠቅለል፣ ማጠፍ፣ መጠምዘዝ፣ መቅደድ፣ መሰንጠቅ፣ መቁረጥ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ ግሶቹን በጎማና በእርሳስ ማዕድን ላይ ሞከራቸው። አንዱን የተጣለ የጎማ ንጣፍ ጠርዙን ይዞ ወደ ላይ አነሳው። ጎማው እንደተነሳ ራሱን ችሎ ቆመ፤ ሥራው እሱ ሆነ። ምንም አልቀረጸም፣ አነሳ እንጂ።

ስለዚህ «መደበቅ» የሚል ግስ ከደረሳችሁ ስለ መደበቅ አትፈላሰፉ። የደረሳችሁን ቁስ ያዙና አሥር ትንንሽ ሙከራ አድርጉ። አንዱን ጠቅልሉ፣ አንዱን አርጥቡ፣ አንዱን ቅደዱና መልሳችሁ እሰሩ። ዘጠኙ እርባና ቢስ ይሆናሉ፤ ይሁኑ። ከአሥሩ አንዱ «ይሄ ምንድን ነው?» ያሰኛችኋል።

«ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነገር ቅርጻ ቅርጽ አይባልም።»

ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 የብስክሌት ኮርቻና መሪ አጋጥሞ የበሬ ራስ ሠራ። ጋናዊው ኤል አናትሱይ ደግሞ የጠርሙስ ክዳኖችን ቀጥቅጦ በመዳብ ሽቦ እየሰፋ ግድግዳ የሚሸፍኑ ሥራዎችን ይሠራል፤ ትልልቅ ሙዚየሞች ሰብስበዋቸዋል። ግን ተጠንቀቁ። ቆሻሻ መሰብሰብ ብቻውን ሥራ አይደለም። ፒካሶ ሁለት ዕቃ ብቻ ነው የተጠቀመው፣ ጥንካሬውም እዚያ ላይ ነው። ሃያ ዓይነት ነገር ለጥፋችሁ ከሆነ አሥራ አምስቱን አውጡ።

«አንድ ነገር ካልመሰለ አልተሳካም።»

እንግሊዛዊቷ ሬቸል ዋይትሪድ እ.ኤ.አ. በ1993 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ሊፈርስ የነበረ ቤት ውስጡ ላይ ኮንክሪት ነፍታ ግድግዳውን ከላዩ አስነሳች። የቀረው የክፍሎቹ ባዶ ቦታ ነበር፣ ጠጣር ሆኖ። ሥራው በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ፈረሰ። የሚመስለው ነገር አልነበረም፤ ማንም ሰው ግን ቤት እንደነበረ ያውቃል።

«ብዙ ኮላ ከተደረገ ይቆማል።»

ኮላ ከተፈቀደላችሁም አያድናችሁም። ቅርጽ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ክብደቱ ከመቆሚያው ውጪ ስለሚያርፍ ነው። የላይኛው ክፍል ወደ ፊት ካዘነበለ ከታች ከኋላ ክብደት ጨምሩ፣ ወይም መቆሚያውን አስፉ። አጽሙም ከሽቦ ከሆነ አንድ ሽቦ ይልመጠመጣል። ሁለቱን አብራችሁ ጠምዝዟቸው፤ ልዩነቱን እጃችሁ ወዲያው ያውቀዋል። አሜሪካዊው ቀራጺ አሌክሳንደር ካልደር በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ሥራዎቹን ሲሠራ ሚዛን ይፈልግ የነበረው እንዲሁ በግምት አይደለም፤ የተማረው ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነበር።

ቁሶችም እርስ በርስ ይጣላሉ። የዕቃ መጠቅለያ የሆነውን ነጭ ፎም በስፕሬይ ቀለም ብትነፉት ቀለሙ ውስጥ ያለው ኬሚካል ፎሙን ይበላዋል። ዓይናችሁ እያየ ይሟሽሻል፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል። በውሃ የሚሟሟ ቀለም ተጠቀሙ፣ ወይም አስቀድማችሁ በነጭ ኮላና በወረቀት ሸፍኑት። ፎሙን በጋለ ነገር አትቁረጡት፤ ጭሱ ለሳንባ አይሆንም።

ጀሶ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ውሃውን ቀድማችሁ አስቀምጡና ጀሶውን በላዩ እየበተናችሁ ጨምሩ። ሲጠነክር ይሞቃል፤ በዛ ካለ ቆዳ እስከማቃጠል ይደርሳል። ስለዚህ «እጄን ነክሬ ቅርጹን ላውጣ» የሚል ሐሳብ ካለ ከአሁኑ ይቅር። የተረፈውንም ቧንቧ ውስጥ አትድፉ፣ ውሃ ውስጥም ሆኖ ይጠነክራል።

«ማብራሪያው ጥሩ ከሆነ ሥራው ያልፋል።»

አያልፍም። ሁለት ገጽ ጽፎ ካርቶኑን ሰባብሮ ያመጣን ተማሪ መምህሩ ወዲያው ያውቀዋል። ይልቅ የወደቁትን ሙከራዎች ፎቶ አንሱና አብራችሁ አቅርቡ።

«ከፊት ካማረ በቂ ነው።»

ሥዕል የለመደ ሰው የሚሠራት ስህተት ነች። ቅርጻ ቅርጽ ጀርባ አለው፣ ጎን አለው፣ አንዳንዴም ሆድ ዕቃው ይታያል። ስትሠሩ በየጊዜው አዙሩት። ከአራት አቅጣጫ በስልክ አንሱትና ፎቶዎቹን ጎን ለጎን እዩ። አንዱ ፎቶ ላይ ሥራው ጭራሽ የሌለ ከመሰለ፣ ቀሪውን ሰዓት ያንን ጎን ለመሥራት አውሉት።