ሰሌዳውን አንብበው ቁልፉን ለምን ያጡታል?

ሐኪም ቤት የዓይን መመርመሪያውን የፊደል ሰሌዳ እስከ ታች አንብበው "ዓይንዎ ደህና ነው" የተባሉ እናት ቤት ገብተው ፊታቸው ያለውን ቁልፍ ሲያጡት ቤተሰቡ ወይ መርሳት ጀመሩ ይላል ወይ ይቆጣቸዋል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ችግሩ ኮንትራስት ነው፣ ማለትም ዕቃው ከተቀመጠበት ቦታ በቀለም ድምቀት ወይም ጥቁረት ምን ያህል ይለያል የሚለው። 6/6 የሚባለው የጤናማ ዓይን ውጤት ነጭ ላይ የተጻፈ ደማቅ ጥቁር ፊደል ማንበብን ነው የሚለካው፣ ቤት ውስጥ ግን ነጭ ኪኒን ነጭ አንሶላ ላይ ይወድቃል። ዕድሜ ሲገፋ ብሌን ይጠባል ሌንሱም ይደፈርሳል፣ የ60 ዓመት ሰው ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) ጋ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው።

በሽታ ሲጨመርበትማ ይብሳል። የዓይን ሞራ ሁሉንም ያደበዝዛል፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ የእይታን ዳር ዳሩን ስለሚወስድ ጎናቸው ያለውን ከዘራ አያዩትም፣ የማኩላ (የሬቲና መሃል) ችግር ደሞ መሃሉን ነው የሚያጠፋው፣ ስኒውን ቀጥ ብለው ሲያዩት ይጠፋል ዘወር ሲሉ ብቅ ይላል፣ የሚያስመስሉ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ወተቱን በጥቁር ኩባያ ስጧቸው፣ ደረጃው ጠርዝ ላይ ደማቅ ፕላስተር ለጥፉ፣ አምፖሉንም ጨምሩ ግን ዓይናቸው ላይ እንዳያበራ። ከሁሉም በላይ እባካችሁ ስታጸዱ ዕቃቸውን ከቦታው አታንሱባቸው። ምርመራውንም አታዘግዩት፣ ሞራ በኦፕራሲዮን ይወጣል፣ ግላኮማ የወሰደው ግን አይመለስም።