የታጂኪስታን ካርታ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

ታጂኪስታን በካርታ ላይ አራት ትልልቅ ቁራጭ ሆና ትታያለች። ሰሜኑ ሱግድ ነው፣ ደቡቡ ኻትሎን፣ ምሥራቁ ጎርኖ-ባዳኽሻን። መሐሉን ዱሻንቤና ዙሪያዋ ያሉ ወረዳዎች ይዘውታል። ካርታው ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ከላዩ ላይ ያልተጻፈ ነገር ያነብበታል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«አራት ክፍለ ሀገር አላት»

የላትም። ያሏት ሁለት ክፍለ ሀገርና አንድ ራስ ገዝ ክፍለ ሀገር ናቸው። ዱሻንቤ ለብቻዋ ትቆማለች። ከቱርሱንዞዳ እስከ ራሽት ሸለቆ የተዘረጋው መካከለኛ መሬት ግን ክፍለ ሀገር አይደለም። «ለሪፐብሊኩ ተጠሪ የሆኑ ወረዳዎች» ነው የሚባለው። የጋራ አስተዳዳሪም ሆነ የጋራ መቀመጫ ከተማ የለውም። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የቫርዞብ ወረዳ ጉዳይ በመሐል ሌላ ቢሮ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ይሄዳል። የሚገርመው፣ ለፓርላማው ላይኛው ምክር ቤት አባላት ሲመረጡ እነዚህ ወረዳዎች ተደምረው እንደ አንድ ክፍለ ሀገር እኩል ወንበር ያገኛሉ።

«ጎርኖ-ባዳኽሻን የሀገሪቱ ግማሽ ነው»

በመሬት፣ አዎ፣ 45 በመቶ ገደማ ነው። በሰው ግን ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። አካባቢውን የያዙት የፓሚር ተራሮች ብዙ ሰው አያኖሩም። የሙርጎብ ከተማ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት።

«ራስ ገዝ ስለሆነ ራሱን ያስተዳድራል»

እዚህ ላይ ወረቀቱንና ኑሮውን መለየት ያስፈልጋል። የጎርኖ-ባዳኽሻን ራስ ገዝነት ከ1925 ጀምሮ ያለ ነው። ሕገ መንግሥቱ የአካባቢው ምክር ቤት ሳይስማማ ግዛቱ እንዳይቀየር ይከለክላል። ምክር ቤቱ ለሀገሪቱ ፓርላማ የሕግ ረቂቅ የማቅረብ መብትም አለው። ታዲያ አካባቢውን የሚያስተዳድረውን ሊቀመንበር የሚሾመው ማነው? ፕሬዚዳንቱ። በግንቦት 2022 እዚያው ጎርኖ-ባዳኽሻን ውስጥ ባሉት በኾሩግና በሩሾን የፀጥታ ኃይሎች ባካሄዱት ዘመቻ ሰዎች ሲሞቱ፣ ራስ ገዝ የሚለው ስም ምንም አልከለከለም።

«ክፍፍሉ የጥንት ነው»

ኻትሎንን እንይ። የተፈጠረው በ1992 መጨረሻ ላይ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ኩሎብና ቁርጎንቴፓ የሚባሉ ሁለት ክፍለ ሀገሮች ተዋህደው ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የኩሎብ አስተዳዳሪ የነበሩት ኢሞማሊ ራህሞን በዚያው ዓመት ኅዳር የሀገሪቱ መሪ ሆነዋል። ኩሎብ ከካርታው ጠፋች፤ ኩሎቦች ግን ቤተ መንግሥት ገቡ ማለት ነው። በራሽት ሸለቆ ያለው ጋርምም እንዲሁ ከ1939 እስከ 1955 ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ነበር። ከፈረሰ አሥርተ ዓመታት አልፈውም በጦርነቱ ጊዜ «ጋርሚ» መሆን ወገን የሚያስለይ ነገር ነበር። የአስተዳደር መስመር በአዋጅ ይሰረዛል፣ የአገር ልጅነት ግን እንዲህ በቀላሉ አይሰረዝም።

ስሞቹም ቢሆኑ ገና አዲስ ናቸው። ሱግድ እስከ 2000 ድረስ ሌኒናባድ ነበር። ቁርጎንቴፓ ከተማ ቦኽታር የተባለችው በ2018 ነው። አሮጌ ካርታ ይዞ የሚሄድ ሰው መንገድ መጠየቁ አይቀርም።

«ከተማ ከተባለ ሕንፃና አስፋልት ነው»

በዚህ ሀገር አንዳንድ ወረዳዎች ገጠራቸውን እንደያዙ ከተማ ተብለዋል። የቫህዳት ከተማ አስተዳደር የሮሚትን የተራራ ሸለቆ ጨምሮ ይይዛል። ዙሪያውን በኪርጊዝ መሬት የተከበበው ቮሩኽም በኢስፋራ ከተማ ሥር ነው። የቮሩኽ አካባቢ ድንበር በ2021 እና በ2022 ደም አፋስሷል። ታጂኪስታንና ኪርጊዝስታን የድንበር ስምምነት የፈረሙት በመጋቢት 2025 ነው።

«ሕዝቡ የወረዳውን አለቃ ይመርጣል»

ሕዝቡ የሚመርጠው የአካባቢውን ምክር ቤት አባላት ነው። የክፍለ ሀገሩንም ሆነ የወረዳውን ሊቀመንበር ፕሬዚዳንቱ ይሾማሉ፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ያውም ሊቀመንበሩ የአስተዳደሩም የምክር ቤቱም አለቃ ነው፤ ተቆጣጣሪውም ቁጥጥር የሚደረግበትም አንድ ሰው ይሆናል። የዱሻንቤ ከንቲባም በዚሁ መንገድ ይሾማል። ከ2017 ጀምሮ ወንበሩ ላይ ያለው የፕሬዚዳንቱ ልጅ ሩስታም ኢሞማሊ ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የመካከለኛው መሬት ወረዳዎች እኩል ወንበር የሚያገኙበትን ያንን የፓርላማ ላይኛ ምክር ቤት ይመራል።